የእንግዳው በርኖስ

አነቃቂ ተናጋሪ የሚባለውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ሳገኘው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ነጭ ሶፋ አላችሁ?» ብሎ ነው። ሠራተኞቻችሁ ስንት ናቸው፣ ምን ይሠራሉ፣ ምን ቸገራቸው የሚል ነገር የለም። መድረክ ላይ ነጭ ሶፋ ፎቶ ያሳምራል አለኝ። እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ፣ የሰው ኃይል ክፍል ነው። ያለን የፕላስቲክ ወንበር ነው። ሶፋ የሚባል ነገር ያለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ብቻ ሲሆን እሱም ቡናማ ነው። «አንሶላ እናለብሰዋለን» አልኩት። «እሺ፣ ግን እንዳይጨማደድ» አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ናቅሁት። ንቀቴ ለማንም እንደማይጠቅም ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ነገሩን ያመጣው ቅናት ነው። ከአጥራችን ማዶ ያለው ፋብሪካ በዓመታዊ በዓሉ ላይ ይህንኑ ሰውዬ ከአዲስ አበባ አስመጥቶት ነበር። ሥራ አስኪያጃችን እዚያ ተጋብዞ ዋለና በማግስቱ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ መጣ። ሰበሰበንና «በእኛም ዓመታዊ በዓል ላይ ሠራተኛችን መነቃቃት አለበት» አለ። ሠራተኛችን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚነቃ እግዜር ይወቅ። እንዲህ ብዬ ግን አልተናገርኩም። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ነው ያልኩት፤ ማስታወሻዬም ላይ ጻፍኩት። ሥራ አስኪያጁን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ግን አንቱታዬን የማስቀምጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እኚያ ሰው «ጋሼ» የምላቸው የመቁረጫ ማሽን ሠራተኛ ናቸው። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ማሽን ላይ ቆመው ኖረው በዚያ ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነበር። አገራቸው ከአንኮበር ቁልቁል የሚወረድበት አልዩ አምባ ነው፤ የቆላ ሰው ናቸው። የደብረ ብርሃንን ብርድ አንድም ቀን አልለመዱትም። ከቱታቸው ስር ሁለት ሹራብ ይደርባሉ፤ «እኔ እዚህ አገር የመጣሁት ለሥራ ሳይሆን ለቅጣት ነው» እያሉ ያስቁናል። ስንቱን አዲስ ልጅ እጁን ከምላጩ ስር ጎትተው እንዳወጡ የሚያውቀው አብሯቸው የሠራ ነው። ይህን ጽፎ በሰው ፊት የሚያነብላቸው ግን አልነበረም።

ሠራተኛው አዋጥቶ የመሸኛ ስጦታ ሊገዛላቸው ሲነሳ፣ ምን እንደሚሹ ጠይቂያቸው ተባልኩ። አንዱ ቴሌቪዥን ይሁን ሲል፣ ሌላው ብርድ ልብስ ሲል ከርሟል። እሳቸው ትንሽ እንኳ ሳያስቡ «በርኖስ» አሉ።

«ጋሼ፣ አልዩ አምባ ላይ በርኖስ ደርበው ሊቀልጡ ነው?» አልኳቸው።

«ማን ይለብሰዋል ብለሽ ነው ልጄ» አሉ እየሳቁ። «ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የአገሬ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ደጋ ወጥቶ ምን አፈራ ማለቱ አይቀርም። ንብረት እንዳላፈራሁ ቤቴን አይቶ ያውቃል። በሰው ፊት፣ በአለቆቹ እጅ በርኖስ ለብሶ ወጣ ከተባለ ግን አለቀ። ኢንሻአላህ ከዚያ በላይ ምንም አልፈልግም።»

መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር ለሚሠራ ሰው አዘዝኩ። ጥቁር፣ ከባድ፣ በአንድ ትከሻው ላይ ሹል ያለው፣ እውነተኛ የሽማግሌ በርኖስ ሆኖ መጣ። ቢሮዬ ውስጥ ጠረኑ ለሁለት ቀን አልወጣም። በገዛ ማሽናቸው በተቆረጠ ካርቶን ውስጥ አጣጥፌ ከተትኩትና ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። እስከ በዓሉ ቀን እንዳያዩት ብዬ ለማንም አላሳየሁም።

ተናጋሪው በበኩሉ ስለ ራሱ የሚነበብ ሁለት ገጽ ላከልኝ። «የሺዎችን ሕይወት የቀየረ» ይላል፤ ከእነዚያ ሺዎች የአንዱን ስም ፈልጌ አጣሁ። ቃል በቃል እንዳነበው፣ ስሙ ጋ ስደርስ ቆም እንድል፣ ከዚያ ጭብጨባውን እኔ እንድጀምር በስልክ አስጠናኝ። ሁለት ጊዜ ደውሎ አለማመደኝ ብል ማን ያምነኛል። አርባ ደቂቃ ብቻ ሊናገር ተስማማን። ፕሮግራሙንም ጻፍኩ፤ ሦስት ሰዓት መክፈቻ፣ ከዚያ የእንግዳው ንግግር፣ ከዚያ የጋሼ ሽኝት፣ በርኖስ ማልበስ፣ የጋሼ ምርቃት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ። አትሜ በየወንበሩ አስቀመጥኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ በዚያ ቀን ሁለቱንም ነበርኩ።

በዓሉን ያደረግነው መጋዘኑን ባዶ አድርገን ነው። ሶፋውን አራት ሰው ተሸክሞ አወጣው፤ አንሶላው ከቤቴ ያመጣሁት ነው። ኅዳር ነበር። የደብረ ብርሃንን ኅዳር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ከቆርቆሮው በር ስር እየገባ ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል። ሁለት መቶ ምናምን ሰው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል። ጋሼ የፊት ረድፍ ላይ ናቸው፤ ኮት ለብሰዋል፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ጫማቸውን አስጠርገዋል። ቤተሰብ ይምጣ ብያቸው ነበር። «መንገዱ ይከብዳቸዋል፣ እኔው ለብሼው እገባለሁ» ብለው ተዉት።

ሦስት ተኩል ላይ ለተናጋሪው ደወልኩ፤ «እየደረስን ነው» አለ። አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ መንገድ ላይ፣ ጫጫ ከተማ ቁጭ ብሎ ጥብስ እየበላ ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። ስስ ኮት ለብሷል፣ ጫማው ካልሲ የለውም። «ብርድ አለ እንዴ?» አለኝ ከመኪናው ሲወርድ። የእንኳን ደህና መጡ ፈገግታዬን አሳየሁት። ሁለቱን ገጽ አነበብኩ፣ ስሙ ጋ ቆም አልኩ፣ ጭብጨባውንም ጀመርኩ። ከዚያ የበርኖሱን ካርቶን ጭኔ ላይ አድርጌ በጋሼና በሥራ አስኪያጁ መካከል ተቀመጥኩ።

ንግግሩን ምን ልበላችሁ። «ከምቾታችሁ ውጡ» አለ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው። «ስንቶቻችሁ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ትነሣላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ አንድ ሁለት እጅ የሚወጣ መስሎት ነበር። መጋዘኑ በሙሉ እጁን አወጣ። ለአፍታ ግራ ተጋባና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አያችሁ፣ ለውጡን ጀምራችኋል» አለ። ከዚያ «ወደ ጎናችሁ ዞር በሉና አንተ አንበሳ ነህ በሉ» ብሎ አዘዘን። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንበሳ ነሽ በላት ተብያለሁ» አሉኝ በቀስታ። ቀጥለውም «ይሄ ማሽን ማጥፊያው የት ጋ ነው?» አሉ።

ሳቄን በፕሮግራሙ ወረቀት ሸፈንኩት። እውነትም ማጥፊያ አልነበረውም። አርባው ደቂቃ አለፈ፣ አንድ ሰዓትም አለፈ። «ሰዓት አልቋል» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሥራ አስኪያጁን በዓይኔ ለመንኩት፤ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። አንድ ሰው ተነስቶ «ይበቃል» ቢል ያበቃ ነበር። እኛ ግን እንግዳ ከምናቋርጥ ረሃብ ይሻለናል። የወጡ ሽታ ከውጭ እየመጣ፣ ሁለት መቶ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠለት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ እኔ ምንም አልታየኝም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጨረሰ። ሲጨርስ ትከሻውን በሁለት እጁ አቅፎ ተንቀጠቀጠ። «ብርዳችሁ ሊገለኝ ነበር፣ ፍቅራችሁ አሞቀኝ» አለ። ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። በጭብጨባው መሃል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ለእንግዳው ምን አዘጋጅተናል?» አለኝ።

«ክፍያውን ልከንለታል» አልኩ።

«ክፍያ ሌላ፣ ክብር ሌላ። እንግዳ ከደብረ ብርሃን ባዶ ትከሻውን ይሸኛል? ጎረቤቶቻችን ጋቢ አልብሰውታል።» ዓይኑ ጭኔ ላይ ያለው ካርቶን ላይ አረፈ። «በይ እሱን አምጪው።»

«ይሄ እኮ የጋሼ ነው።»

«ለሳቸው ሌላ እናሠራለን። እሳቸው የቤት ሰው ናቸው፣ ይረዱናል።»

የቤት ሰው። ይህን ቃል ሳይሰማ ያደገ የሸዋ ልጅ የለም። እንግዳ ሲመጣ ሥጋው ለእንግዳ ነው፣ የቤት ሰው መረቁን ይጠርጋል። ደህናው አልጋ ለእንግዳ ነው፣ የቤት ሰው መሬት ያነጥፋል። ደግነት ነው እየተባልን ነው ያደግንበት፤ ደግነትም ነው፣ የራስህን ስትሰጥ። ሥራ አስኪያጁ ጋሼን ሊጎዳ አስቦ አልነበረም። ክፋት ቢሆን እንቢ እል ነበር፣ አፌ ለክፉ ሰው አያንስም። ይሉኝታ ሲሆን ግን እጄ ከአፌ ቀደመ። ወደ መድረኩ ጥግ ሄጄ ካርቶኑን ከፍቼ በርኖሱን አወጣሁ። እጄን ይቁረጠው።

እዚያ ላይ ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማይኩን ያዘና፣ በርኖስ የሚያምረው በሽማግሌ እጅ ሲለበስ ነው፣ አንጋፋው ሠራተኛችን ወደ መድረክ ይምጡልን አለ። ጋሼ ተራቸው የደረሰ መሰላቸው። ለማን አይመስለው? ፕሮግራሙ እጃቸው ላይ ነው፤ ከንግግሩ ቀጥሎ እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወጡ። ሠራተኛውም ለሳቸው መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። በርኖሱን ዘርግቼ ስቀርብ ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ቁመቴ አጭር ስለሆነ እንዳይቸግረኝ ትከሻቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉልኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው በጆሯቸው፣ «ለእንግዳው እንዲያለብሱት ነው።»

ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ በርኖሱን አዩት፤ ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ጠጉሩን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ከእጄ ተቀበሉኝና ተናጋሪው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉለት። ሹሉ ወደ ኋላ ዞሮበት ነበር፣ አቃኑለት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ያክብርህ፣ መንገድህን ያቅናልህ» ብለው መረቁት። ሁለት መቶ ሰው አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ተናጋሪው ስልኩን አስቀድሞ ለሾፌሩ ሰጥቶት ስለነበር ሁሉም ተቀርጿል።

የጋሼ ሽኝት ጊዜ ስላጠረ ከምሳ በኋላ ይደረጋል ተባለ። ከምሳ በኋላ ሰርቪስ መጣ። የምስጋና ወረቀታቸውን ሥራ አስኪያጁ የምሳው ሰልፍ ላይ ሰጣቸው፤ ሳህን ይዘው ስለነበር ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባል የለ። ያቀለልናቸው እኛ ነን፣ በገዛ በዓላቸው ቀን። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «እንግዳ አይደል እንዴ ልጄ» አሉኝ፤ «ይልቅ ብዪ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ።» በዚያው ሳምንት ዕቃቸውን ሸክፈው ወረዱ።

ያን ዕለት ተናጋሪውን መኪናው ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። በርኖሱን አውልቆ ኋላ ወንበር ላይ ወረወረውና «በግ በግ ይላል፣ ላውንደሪ ይቻላል?» አለኝ። እንደሚቻል ነገርኩት። ከዚያም «ሠራተኞቻችሁ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ሁለተኛ ዙር ቢኖር ጥሩ ነው» አለ። መንገዱን አላህ ያቅናልህ ተብሎ ተመርቋልና እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪዲዮውን ለቀቀው። በርኖሱን ደርቦ ይናገራል። «አንድ አዛውንት ንግግሬ ልባቸውን ነክቶት፣ የራሳቸውን በርኖስ ከትከሻቸው አውልቀው አለበሱኝ» ይላል፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ።  ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስልኩን ሰደብኩት። ሆኖም ሳስበው፣ ውሸታም ሳያውቀው እውነት ሲያመልጠው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። የራሳቸው ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ቪዲዮውን በፋብሪካው ገጽ ላይ አጋራው፤ ከላዩ «ኩራታችን» ብሎ ጽፎበታል።

«ሌላ እናሠራለን» ያለውን ሳስታውሰው «በሚቀጥለው በጀት» አለኝ። ተውኩትና በራሴ አሠራሁ። ለመጽደቅ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ትከሻቸው ከዓይኔ አልወጣ ስላለኝ ነው። ለዚያው ለመንዙ ሰውዬ፣ ያንኑ ጠጉር፣ ያንኑ ልክ ሰጠሁት። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በትልቅ ፌስታል ይዤው ተነሣሁ። አንኮበር ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከዚያ ቁልቁል በአይሱዙ ጋቢና ከሾፌሩና ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ወረድኩ። በየመጠምዘዣው አንድ ልብስ እያወለቅሁ አልዩ አምባ ስደርስ በሸሚዝ ቀርቻለሁ።

ጋሼን ሽርጥ አገልድመው ደጃቸው ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወፍረዋል፣ ፊታቸውም ፈክቷል። ያለችውን አንዲት ወንበር ለእኔ ሰጥተው እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ፓፓያ ተቆረጠልኝ። ልብ አልኩት፤ እዚህ እንግዳዋ እኔ ነኝ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሊጠይቀኝ ገባ። ከፋብሪካው መምጣቴን ሲሰማ ወደ ጋሼ እየጠቆመ «እኚህ ሰው እኮ በርኖሳቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ለእንግዳ የሰጡ ናቸው፣ ሰምተሻል?» አለኝ። «ማሻአላህ፣ የአባታቸው ልጅ ናቸው።» ጋሼ ምንጣፉን አዩ። እኔ ፓፓያዬን ጎረስኩ።

ጎረቤቱ ሲወጣ ፌስታሉን ከፈትኩት። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

አዩት። ልክ እንደዚያ ቀን ጠጉሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ተነስተው የግቢውን በር ገፋ አድርገው ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ወንዱ ልጄ ቪዲዮውን በስልክ አሳይቶኛል» አሉ። «ሰውዬው፣ ሽማግሌው የራሳቸውን አውልቀው ሰጡኝ ይላል። አገሩ ሁሉ አይቶታል። ሲጠይቁኝ እኔም አዎ ብያለሁ።»

«ዋሽቶ እኮ ነው ጋሼ።»

«ዋሽቷል። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ያሰበኝ የሱ ውሸት ነው።» የፌስታሉን አፍ ጠቀለሉና ወደ እኔ ገፉት። «እዚህ እኔ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ይሄን ከተቀበልኩ ያኛውን ተቀምቻለሁ ማለት ነው። አይሆንም ልጄ። ይዘሽው ውጪ፣ ሰውም አይይብሽ።»

በነጠላዬ ሸፍኜ ይዤው ወጣሁ። እስከ መኪናው ሸኙኝ፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ «ከፋብሪካው ናት፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው» እያሉ። ያው አይሱዙ ተመልሶ ሽቅብ ይዞኝ ወጣ። አንኮበር ልንደርስ ስንል ብርዱ ጀመረ፤ ያወለቅሁትን ሁሉ መልሼ ለበስኩ፣ መንቀጥቀጤን ግን አላቆመውም። ሾፌሩ ጭኔ ላይ ያለውን ፌስታል አየና «እህቴ፣ በርኖስ ይዘሽ ለምን ይበርድሻል፣ አትደርቢውም?» አለኝ።

«የሰው ነው» አልኩት።